የመጀመሪያዎቹ 10 ጨዋታዎች ምን ያህል ይታመናሉ? ሴልቲክስና ኒክስ በቁጥር

ጦሳ_ማዶ | ደሴ | ማክሰኞ ከምሽቱ 1፡40

ጀማው ሰላም። የአሜሪካው ቅርጫት ኳስ ሊግ (ኤንቢኤ) ሲዝን በተከፈተ ቁጥር እዚህ የሚሆነው አንድ ዓይነት ነው። አምስት ጨዋታ ሳይሞላ አንዱ ሴልቲክስን ይቀብራል፣ ሌላው ለኒክስ ዋንጫ ያስረክባል። የሁለቱም ማስረጃ "በጨዋታ ስንት ያገባል" የሚለው ነው። እስቲ መጨረሻው በሚታወቅ ሲዝን እንሞክረው፤ 2024–25ን እንውሰድ።

መክፈቻው በፈረንጆቹ ኦክቶበር 22 ቀን 2024 ነበር፣ በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 8፡30። ቦስተን (ሴልቲክስ) 132፣ ኒው ዮርክ (ኒክስ) 109። ሴልቲክስ 61 ባለ ሦስት (ከሩቁ መስመር ውጪ የሚመታ፣ ሦስት ነጥብ የሚያስገኝ ሹት) ሞክሮ 29 አስገባ። ይህ ሚልዋኪ በ2020 ማያሚ ላይ ካስመዘገበው የአንድ ጨዋታ ክብረ ወሰን ጋር እኩል ነው። የሴልቲክሱ ቴተም ብቻውን 37 ነጥብ፣ ከ11 ባለ ሦስት 8። ክብረ ወሰኑን ብቻቸውን ሊይዙት አንዲት ኳስ ቀርታቸው የመጨረሻዎቹን 13 ሙከራዎች በሙሉ ሳቱ።

በመደበኛው ሲዝን 4 ጊዜ ተገናኝተው 4ቱንም ቦስተን ወሰደ፦ 132–109፣ 131–104፣ 118–105፣ በጭማሪ ሰዓት ደግሞ 119–117። በምሥራቅ ኮንፈረንስ ግማሽ ፍጻሜ ግን ኒክስ 4–2 አሰናበተው።

ጥያቄዬ ይቺ ናት፦ በጥቅምት እጃችን ላይ ከነበሩት ቁጥሮች የትኛው ነበር የሚታመነው? የትኛውስ ነው ያታለለን?

---

የቦርከና_ልጅ | ኮምቦልቻ | ማክሰኞ ከምሽቱ 2፡25

"በጨዋታ ስንት ነጥብ" የሚለውን መጀመሪያ እንጣለው። ደሴ ላይ ጋቢ የደረበውንና ኮምቦልቻ ላይ በቲሸርት የሚሄደውን አይቶ "የደሴው ብርድ አይችልም" የሚል የለም፣ አየሩ ይለያያል። የቅርጫት ኳስ አየሩ ፍጥነት ነው፤ ማለትም ቡድኑ በአንድ ጨዋታ ስንት ጊዜ ኳስ ይዞ የማጥቃት ተራ ያገኛል የሚለው። ያ ተራ ፖሴሽን ነው። ከቦክስ ስኮር (የጨዋታው የቁጥር መዝገብ) እንዲህ ይወጣል፦

ፖሴሽን = የሜዳ ሹት ሙከራ + 0.44 × የፍሪ ትሮ ሙከራ − የማጥቃት ሪባውንድ + ተርንኦቨር

ፍሪ ትሮ ከፋውል በኋላ የሚሰጥ ነፃ ምት ነው፤ የማጥቃት ሪባውንድ አጥቂው ቡድን ራሱ ስቶ መልሶ የያዛት ኳስ ናት፤ ተርንኦቨር ሳይመታ ለተጋጣሚ ያስረከባት ኳስ ናት። 0.44 ከየት መጣ ለምትሉ፦ ሁልጊዜ ሁለት ፍሪ ትሮ አንድ ፖሴሽን ቢበላ ኖሮ ቁጥሩ 0.5 ይሆን ነበር። ነገር ግን ሹቱ ገብቶ በላዩ የሚጨመር አንድ ፍሪ ትሮ አለ፣ የቴክኒካል ፋውል አለ፣ ባለ ሦስት ላይ በተሠራ ፋውል የሚሰጥ ሦስት ፍሪ ትሮ አለ። እነዚህ ናቸው ዝቅ የሚያደርጉት። የማጥቃት ሪባውንድ የሚቀነሰው ደግሞ ያው ተራ ስለሚቀጥል ነው፣ አዲስ አይጀመርም።

ለመለማመጃ የፈጠርኳቸው ሁለት ቡድኖች፦

ቡድን ሀ፦ 90 ሹት፣ 22 ፍሪ ትሮ፣ 10 የማጥቃት ሪባውንድ፣ 13 ተርንኦቨር፣ 116 ነጥብ። 90 + 9.7 − 10 + 13 = 102.7። 116ን ለ102.7 አካፍላችሁ በ100 ስታባዙ 113 ይመጣል።

ቡድን ለ፦ 86 ሹት፣ 20 ፍሪ ትሮ፣ 9 የማጥቃት ሪባውንድ፣ 12 ተርንኦቨር፣ 112 ነጥብ። 86 + 8.8 − 9 + 12 = 97.8። በ100 ፖሴሽን 114.5።

ሰንጠረዡን ያየ ሰው ሀ በ4 ነጥብ ይበልጣል ይላል። ኳስ በእጁ ስትገባ የተሻለ የሚጠቀምባት ግን ለ ነው። ለመከላከል ደግሞ የተጋጣሚውን ነጥብ በዚሁ መንገድ ታሰላላችሁ፤ ሁለቱ ሲቀናነሱ ኔት ሬቲንግ ይሆናል።

አንድ ማረጋገጫ አለ፣ ብዙ ሰው አይጠቀምበትም። ኳሷ በተራ ስለምትሄድ በአንድ ጨዋታ የሁለቱ ቡድኖች ፖሴሽን እኩል ሊሆን ምንም አይቀረው። ልዩነቱ ከ3 ወይም ከ4 ካለፈ ስትገለብጡ ተሳስታችኋል ማለት ነው። አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ በማጥቃት ሪባውንድ ቦታ ጠቅላላ ሪባውንዱን መጻፍ ነው።

---

ሰኞ_ገበያ | ደሴ | ማክሰኞ ከምሽቱ 2፡50

ልጆች፣ 132 ያገባ 109 ካገባ ይበልጣል። ለዚህ ኤክሴል መክፈት አያስፈልግም።

---

ሆጤ_በር | ደሴ | ማክሰኞ ከምሽቱ 3፡30

ጋሼ፣ ለዚያች ሌሊት ልክ ነዎት። እኛ የያዝነው ያች ሌሊት ለሚያዝያ ምን ትነግረናለች የሚለውን ነው። እስቲ አንቱ ራስዎ አብረው ያስሉት።

29 ባለ ሦስት ማለት 87 ነጥብ ነው፤ ከ132ቱ 87ቱ ማለት ነው። 29 ከ61 ደግሞ 47.5 ፐርሰንት። በዚያ ሲዝን የሊጉ አማካይ 36 ፐርሰንት ገደማ ነበር። ሴልቲክስ ያንኑ 61 ሙከራ በ36 ፐርሰንት ቢመታ 22 ያገባ ነበር። በ7 ያነሰ፣ ማለት በ21 ነጥብ ያነሰ። ጨዋታው ያለቀው በ23 ልዩነት ነው። ሰባት ኳስ ቀለበቱን ነክታ ብትወጣ ኖሮ ጨዋታው የመጨረሻ ደቂቃ ድረስ ይሄድ ነበር።

እንግዲህ ያች ሌሊት ሁለት ቁጥር ሰጥታናለች፣ ሁለቱ አንድ ዓይነት አይደሉም። 61 ሙከራ ጸባይ ነው፤ አሠልጣኙ የመረጠው፣ ቡድኑ የሠለጠነበት ነው፣ ነገም ይደገማል። 47.5 ፐርሰንት ግን ዕድል የተቀላቀለበት ነው። ሲዝኑ ሲያልቅ ምን ሆነ? ሴልቲክስ በጨዋታ 48.2 ባለ ሦስት ሞክሮ 36.8 ፐርሰንት አስገባ፤ በጠቅላላ 1,457፣ የሊጉ ክብረ ወሰን። ብዙ መሞከሩ እስከ መጨረሻው አብሮት ቆየ፣ ፐርሰንቱ ወደ ቦታው ተመለሰ።

አሁን 10 ጨዋታ ላይ እንሂድ። በጨዋታ 40 ባለ ሦስት የሚሞክር ቡድን በ10 ጨዋታ 400 ይሞክራል። የእውነት ችሎታው 36 ፐርሰንት ከሆነ፣ በዕድል ብቻ የሚመጣው ስታንዳርድ ዴቪዬሽን (ከአማካዩ ወዲያና ወዲህ የመወዛወዝ መጠን) የ(0.36 × 0.64 ÷ 400) ካሬ ሩት ነው፤ 0.024፣ ማለትም 2.4 ፐርሰንት። ስለዚህ ምንም ሳይለወጥ 33.6ም 38.4ም ሊያሳይ ይችላል። 2.4 ፐርሰንት በ40 ሙከራ ሲባዛ በጨዋታ አንድ ኳስ ገደማ ነው፣ 2.9 ነጥብ። ተጋጣሚውም በዚያው ልክ ይወዛወዛል። ሁለቱ ሲዳመሩ (እያንዳንዱን በራሱ አባዝታችሁ ደምራችሁ ካሬ ሩት) 4 ነጥብ ይሆናል። ከ10 ጨዋታ በኋላ +4 የሆነውና 0 የሆነው ቡድን በእውነቱ እኩል ሊሆኑ ይችላሉ፣ በባለ ሦስት ዕድል ብቻ።

---

የቦርከና_ልጅ | ኮምቦልቻ | ማክሰኞ ከምሽቱ 3፡55

ሂሳቡ ጥሩ ነው፣ አንዲት እርማት ግን አለችኝ። የሳተች ኳስ ዋጋዋ ዜሮ አይደለም። ከሳቱት ሩብ ያህሉን አጥቂው ቡድን ራሱ መልሶ ይይዛቸዋል፣ አንድ ፖሴሽን ደግሞ ወደ 1.1 ነጥብ ያወጣል። ስለዚህ በገባችና በሳተች ባለ ሦስት መካከል ያለው ልዩነት 3 ሳይሆን 2.7 ገደማ ነው። የመክፈቻዋ ሌሊት 21 ነጥብ ወደ 19 ትወርዳለች፣ የ10 ጨዋታው ውዝዋዜም ከ4 ወደ 3.7። መደምደሚያህን አይለውጠውም።

---

ሆጤ_በር | ደሴ | ማክሰኞ ከምሽቱ 4፡02

ተቀብያለሁ። 2.7 ይሁን።

---

ሰኞ_ገበያ | ደሴ | ረቡዕ ከጠዋቱ 1፡15

እሺ፣ አስልቻለሁ። ታዲያ በግማሽ ፍጻሜው ሚያዝያ 27 እና 29 ሴልቲክስ በኒክስ ላይ የሆነውስ? በባለ ሦስት በመጀመሪያው ጨዋታ 15 ከ60፣ በሁለተኛው 10 ከ40። ሁለቱንም በ20 ነጥብ ሲመሩ ቆይተው 108–105 እና 91–90 ተሸነፉ። ያም ዕድል ነው ልትሉኝ ነው? ሲገባ ዕድል፣ ሲስት ዕድል ከሆነ ተጫዋቹ ምን ሊሠራ ሜዳ ገባ?

---

ጦሳ_ማዶ | ደሴ | ረቡዕ ከጠዋቱ 2፡40

የክሩ ምርጥ ጥያቄ ይህ ነው ጋሼ። በቁጥር እንመልሰው።

ሁለቱ ሲደመሩ 25 ከ100። በሲዝኑ 36.8 ፐርሰንት ከነበር 37 ይጠበቅ ነበር። የ100 ሙከራ ስታንዳርድ ዴቪዬሽን 4.8 ነው፤ ጉድለቱ 12፣ ማለት ሁለት ተኩል ገደማ ዴቪዬሽን። እንዲህ ያለ ጉድለት በዕድል ብቻ ከ140 አንድ ጊዜ ቢመጣ ነው። ስለዚህ "ሙሉ በሙሉ ዕድል" የሚል ሰው ይሳሳታል። ኒክስ አኑኖቢንና ብሪጅስን የመሰሉ ረጃጅም ተከላካዮች አሉት፣ ስክሪን (አጥቂው የጓደኛውን ተከላካይ በአካሉ ሲዘጋ) ሲመጣ ሰው እየተቀያየሩ ሲይዙ ሴልቲክስ ኳሷን ማዘዋወር ትቶ ከቆመበት መምታት አበዛ። የሹቱ ጥራት ወረደ።

"ሙሉ በሙሉ መከላከል" የሚለውም አያዋጣም። ሦስተኛው ጨዋታ ላይ እዚያው ተከላካይ ፊት 20 ከ40 አስገብቶ 115–93 አሸነፈ። መከላከል ባለ ሦስት እንዳይሞከር ማድረግ ይችላል፣ ወይም በእጅ ፊት እንዲሞከር ያስገድዳል። ከእጅ ከወጣች በኋላ ያለው ግን የቀለበቱ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት "ይህ ቡድን ተጋጣሚን በባለ ሦስት 31 ፐርሰንት ላይ ያዘ፣ ግሩም መከላከል" ሲባል ብትሰሙ ፈጥናችሁ የተፈቀደውን የሙከራ ብዛት እዩ። ብዛቱ ካልቀነሰ ያ 31 ይነሣል።

ከዚህም የባሰ አለ፦ የተጋጣሚ የፍሪ ትሮ ፐርሰንት። ፍሪ ትሮን የሚከላከል ሰው በዓለም ላይ የለም። ሆኖም በ10 ጨዋታ 200 ፍሪ ትሮ ቢሞከርባችሁ በዕድል ብቻ 3 ፐርሰንት ይወዛወዛል፣ በጨዋታ ግማሽ ነጥብ ከፍ ያለ ማለት ነው። በሰንጠረዡ ላይ "መከላከል" ተብሎ ይቆጠራል!

---

ዶሮ_መዝለያ | በደሴና ኮምቦልቻ መካከል | ረቡዕ ከጠዋቱ 4፡10

አራቱን መለኪያ እስካሁን ማንም አላነሳም። የቅርጫት ኳስ ቁጥር ተንታኙ ዲን ኦሊቨር ያስቀመጣቸው ናቸው፣ ክብደታቸውም በግምት፦ ሹት 40፣ ተርንኦቨር 25፣ ሪባውንድ 20፣ ፍሪ ትሮ 15።

ሹት የሚለካው በተራ ፐርሰንት ሳይሆን ባለ ሦስቷ የምታመጣውን ተጨማሪ ነጥብ በሚቆጥር ነው፦ (የገቡ ሹቶች + 0.5 × የገቡ ባለ ሦስቶች) ÷ ሙከራ። ተርንኦቨር ከፖሴሽን ስንት ፐርሰንቱ። የማጥቃት ሪባውንድ በቁጥር አይለካም፤ ራሱ ከሳታቸው ውስጥ ስንቱን መለሰ ነው የሚባለው፣ ማለትም የራሱ የማጥቃት ሪባውንድ ÷ (የራሱ የማጥቃት + የተጋጣሚ የመከላከል ሪባውንድ)። ብዙ የሚስት ቡድን ብዙ ሪባውንድ መያዙ አያስደንቅም፣ ብዙ ዕድል አለውና። ፍሪ ትሮ ደግሞ የገቡት ÷ የሜዳ ሹት ሙከራ።

ለጥቅምትና ኅዳር የሚሆነው ምስጢር ይሄ ነው፦ ትልቁን ክብደት የያዘው ሹት ቶሎ የማይረጋው ነው። ቶሎ የሚረጉት ፍጥነት፣ የባለ ሦስት ሙከራ ድርሻ፣ ተርንኦቨርና ሪባውንድ ናቸው። እኔ በመጀመሪያው ወር የማወዳድረው መጀመሪያ በነዚህ ነው፣ ከዚያ ሹቱን በግማሽ እምነት።

ሌላው መርሐ ግብር ነው። የሜዳ ጥቅም በዚህ ዘመን 2 ነጥብ ተኩል ገደማ ነው። ከ10 ጨዋታ 7ቱን በሜዳው የተጫወተና 4ቱን የተጫወተ ቡድን ሲወዳደሩ ለእያንዳንዱ የሜዳ ጨዋታ 2.5 ቀንሱ፣ ለውጪው 2.5 ጨምሩ። የመጀመሪያው ቡድን በጠቅላላ 10 ነጥብ ይቀነስበታል፣ በጨዋታ አንድ ነጥብ ነው። ሁለተኛው 5 ይጨመርለታል። ከሁለቱ ልዩነት ላይ አንድ ተኩል ነጥብ በዚህ ብቻ ይጠፋል። ከዚያ የተጋጣሚዎቹን አማካይ የነጥብ ልዩነት ደምሩበት።

ዴንቨር በከፍታዋ ትፈራለች፣ እንግዳ ቡድን ትንፋሽ ያጥረዋል ይባላል። ከፍታዋ 1,609 ሜትር ነው። ኮምቦልቻ እንኳ ትበልጣታለች፣ ደሴማ አትጠሩ።

---

በርበሬ_ወንዝ | ኮምቦልቻ | ረቡዕ ከቀኑ 7፡20

😂 ዴንቨር ናጌትስ ሆጤ ቢመጣ ኦክስጅን ይዘን እንጠብቃለን።

ቁም ነገሩን ልጨምር፦ ማን ነበር ሜዳ ላይ? በመክፈቻው ሌሊት ኒክስ ታውንስን ካገኘ ሦስት ሳምንት አልሞላውም ነበር፤ ዝውውሩ ይፋ የሆነው ኦክቶበር 2 ነው። ብሪጅስም የመጣው በዚያው ክረምት ነው። ብራንሰን፣ ብሪጅስ፣ ሃርት፣ አኑኖቢ፣ ታውንስ፤ አምስቱ አብረው የሚጫወቱት የመጀመሪያ መደበኛ ጨዋታቸው ነበር። የማጥቃት ሪባውንድ ጌታው ሚቸል ሮቢንሰን እስከ ፌብሩዋሪ መጨረሻ በጉዳት አልነበረም። በቦስተን በኩል ፖርዚንጊስ ከቀዶ ሕክምና የተመለሰው ኖቬምበር 25 ላይ ነው።

ስለዚህ የጥቅምቱን ሪባውንድ ይዞ ስለ ሚያዝያው ኒክስ መናገር የሌላ ቡድን ቁጥር መጥቀስ ነው። ይህ ከ10 ጨዋታ ወደ 20 በማራዘም አይፈታም፤ ናሙናው ቢረዝም ሰውየው አሁንም የለበትም። በሰንጠረዣችሁ ከቡድኑ ስም አጠገብ አንድ ዓምድ ጨምሩ፦ ከዋናዎቹ 7 ተጫዋቾች በዚህ ጨዋታ ስንቱ ገቡ። 5 እና ከዚያ በታች የሆነውን ጨዋታ በሌላ ቀለም።

---

ሐይቅ_መንገድ | ደሴ | ረቡዕ ከቀኑ 9፡05

ይህ ሁሉ ሲባል የአጀማመር ታሪኩስ? 2015–16 ዋሪየርስ 24–0 ጀምሮ 73–9 ጨረሰ። አጀማመሩ የእውነት ነበር።

---

ጦሳ_ማዶ | ደሴ | ረቡዕ ከቀኑ 9፡40

ጨረሰ፣ ግን ዋንጫውን 3–1 ከመራ በኋላ ለክሊቭላንድ አስረከበ 🙂

ሌሎቹንም እዩአቸው። 2010–11 ማያሚ ሌብሮንን፣ ዌድንና ቦሽን ይዞ 9–8 ጀመረ፣ ሰው ሁሉ ሳቀበት፣ 58–24 ጨርሶ ፍጻሜ ገባ። 2024–25 ክሊቭላንድ 15–0 ጀመረ፣ 16ኛውን ለሴልቲክስ 120–117 ተሸነፈ፣ 64 ጨዋታ አሸንፎ በሁለተኛው ዙር ኢንዲያና 4–1 አወጣው። ያው ኢንዲያና ሲዝኑን የጀመረው 10–15 ሆኖ ነው! ኦክላሆማ ጋር እስከ 7ኛው የፍጻሜ ጨዋታ ደረሰ።

በችኮላ የተወሰነ ውሳኔ ከፈለጋችሁ ደግሞ ሌከርስ በ2012 አለ። 1–4 ሲጀምር አሠልጣኙን ማይክ ብራውንን በ5 ጨዋታ አባረረ። ቡድኑ 45–37 ጨረሰ። ያ ሰውዬ በ2025 የኒክስ አሠልጣኝ ሆኖ ተቀጠረ።

---

የቦርከና_ልጅ | ኮምቦልቻ | ረቡዕ ከምሽቱ 1፡30

"መቼ ነው ማመን የሚጀመረው" ለሚለው ቁርጥ ያለ ቀን የለም፣ እምነቱ ቀስ እያለ ነው የሚጨምረው። ቀላል ቀመር ልስጣችሁ።

የአንድ ጨዋታ የነጥብ ልዩነት በዕድል በ12 ወይም 13 ይወዛወዛል። የቡድኖች የእውነት ደረጃ ግን ከአማካዩ የሚርቀው 4 ወይም 5 ነጥብ ነው። የሁለቱ ካሬ ሲካፈል (12.5 × 12.5 ÷ 4.5 ÷ 4.5) ወደ 8 ይመጣል። ያ 8 ማለት ለእያንዳንዱ ቡድን "8 የአማካይ ቡድን ጨዋታ" መጨመር ነው፦

ግምት = የታየው ኔት × ጨዋታ ÷ (ጨዋታ + 8)

ከ5 ጨዋታ በኋላ ያየነውን 38 ፐርሰንት እናምናለን፣ ከ10 በኋላ 56፣ ከ20 በኋላ 71፣ ከ41 በኋላ 84። በ10 ጨዋታ +9 የሆነ ቡድን ግምቱ +5 ነው። እያንዳንዷ ነጥብ በ82 ጨዋታ 2.5 ድል ገደማ ስለምታመጣ፣ 41 + 12.5፣ ወደ 53 ድል።

ያቺን የመክፈቻ ሌሊት +23 አስገቡባት፦ 23 × 1 ÷ 9 = 2.6። ይኼው ነው። ያ ሁሉ 29 ባለ ሦስት፣ ያ ሁሉ ጩኸት፣ 2.6 ነጥብ።

ሲዝኑ ሲያልቅ ቦስተን 61–21፣ ኒክስ 51–31። 10 ድል በ2.5 ሲካፈል 4 ነጥብ ልዩነት። ጋሽ ሰኞ_ገበያ እዚህ ላይ ልብ ይበሉልኝ፦ በ4 ነጥብ የሚሻል ቡድን ገለልተኛ ሜዳ ላይ አንድ ጨዋታ የማሸነፍ ዕድሉ 62 ፐርሰንት ነው። በ7 ጨዋታ ተከታታይ 75 ፐርሰንት። ስለዚህ ከ4 አንዴ ደካማው ያልፋል፣ ማንም ሳይጎዳ እንኳ። በ4ኛው ጨዋታ ደግሞ የቴተም አኪለስ ተበጠሰ። ኒክስ ማለፉ ቁጥሩን ውሸታም አያደርገውም፤ 75 ፐርሰንትን "በእርግጠኝነት" ብሎ ያነበበው እኛ ነን።

---

ሰኞ_ገበያ | ደሴ | ረቡዕ ከምሽቱ 2፡00

ከ4 አንዴ የምትለዋን ወድጃታለሁ። ለኔም ለናንተም ታስታርቃለች።

---

ሐይቅ_መንገድ | ደሴ | ረቡዕ ከምሽቱ 2፡35

ለእኛ ሜዳስ ይሠራል? የሰፈር ውድድር ላይ ውጤቱን ብቻ ነው የምንጽፈው፣ ቦክስ ስኮር የሚባል የለም። 40 ደቂቃም ነው፣ 48 አይደለም።

---

የቦርከና_ልጅ | ኮምቦልቻ | ረቡዕ ከምሽቱ 3፡10

አብሽር፣ ይሠራል። በ100 ፖሴሽን የሚሰላበት ጥቅሙ ይኸው ነው፣ 40 ሆነ 48 ደቂቃ ግድ የለውም።

ሁለት ሰውና አንድ የደብተር ገጽ ይበቃል። አንዱ ዓይኑን ከሜዳ ሳያነሣ ይጠራል፣ ሌላው ይጽፋል። አንድ ሰው ሁለቱንም ከሠራ አቀርቅሮ ሲጽፍ የማጥቃት ሪባውንድ ያመልጠዋል፣ መጀመሪያ የሚበላሸው ቁጥር እሱ ነው። ገጹን መሐል ለመሐል ክፈሉት፣ ለየቡድኑ አምስት መስመር፦ ባለ ሁለት፣ ባለ ሦስት፣ ፍሪ ትሮ፣ የማጥቃት ሪባውንድ፣ ተርንኦቨር። ለሳተ ሰረዝ፣ ለገባ ክብ። በየሩቡ መጨረሻ ቀጥ ያለ መስመር አስምሩ፣ ስህተት ቢገኝ በየትኛው ሩብ እንደሆነ እንድታውቁ።

በብዛት የሚሳሳቱባቸው እነዚህ ናቸው። ሲመታ ፋውል ተሠርቶበት ኳሷ ካልገባች ሹት ተብሎ አይቆጠርም፣ ፍሪ ትሮው ብቻ ነው የሚጻፈው። ከገባች ግን ሹቱም ይጻፋል። ተከላካይ በእጁ ያገዳት (ብሎክ ያደረጋት) ሹት የሳተች ሹት ናት። የአጥቂ ፋውል ተርንኦቨር ነው፣ የ24 ሰከንድ ማለፍም እንዲሁ። ከሁለቱ ፍሪ ትሮ የመጀመሪያው ሲስት ሪባውንድ የሚባል ነገር የለም።

ሲያልቅ ያችን ማረጋገጫ አድርጉ፣ የሁለቱን ፖሴሽን አወዳድሩ። 71 እና 70 ከመጣ ጽሑፋችሁ ንጹሕ ነው። 74 እና 66 ከመጣ የትኛው ሩብ ላይ እንደተለያየ ፈልጉ።

---

ሆጤ_በር | ደሴ | ሐሙስ ከጠዋቱ 2፡20

ከድረ ገጽ ቁጥር ለምትወስዱ ደግሞ፣ እዚህ ክር ላይ በየዓመቱ የሚደጋገሙ ስህተቶች፦

ፐርሰንትን ከፐርሰንት ጋር አታማክሉ። 20 ከ50 አርባ ፐርሰንት ነው፣ 5 ከ25 ሃያ ፐርሰንት ነው። አማካያቸው 30 ይመስላል፤ እውነቱ 25 ከ75፣ 33.3 ነው። ሁልጊዜ ጠቅላላውን ደምራችሁ በመጨረሻ አንዴ አካፍሉ። ኔት ሬቲንግም ያው።

የሁለት ድረ ገጽ ቁጥር አትቀላቅሉ። የሊጉ ድረ ገጽ ፖሴሽንን አንድ በአንድ ይቆጥራል፣ ሌሎቹ በቀመር ይገምታሉ። አንድ ነጥብ ያህል ሊለያዩ ይችላሉ። ሴልቲክስን ከአንዱ፣ ኒክስን ከሌላው ወስዶ "በ0.8 ይበልጣል" ማለት ዋጋ የለውም።

ጭማሪ ሰዓት ያለበትን ጨዋታ "በጨዋታ" ሰንጠረዥ ላይ አታምኑት፣ 5 ደቂቃ ተጨምሯል።

ያለቀለት ጨዋታ የመጨረሻ ደቂቃዎችን አውጡ። ክሊኒንግ ዘ ግላስ የተባለው የቁጥር ድረ ገጽ የሚጠቀምበት መስፈርት ጥሩ ነው፦ በአራተኛው ሩብ፣ ከ12 እስከ 9 ደቂቃ ሲቀር ልዩነቱ 25 እና በላይ፣ ከ9 እስከ 6 ሲቀር 20 እና በላይ፣ ከዚያ ወዲህ 10 እና በላይ፣ በሁለቱም ቡድኖች ሜዳ ላይ የቀሩት ቋሚዎች በድምሩ ከሁለት የማይበልጡ ከሆነ። ሦስቱም በአንድ ላይ መሟላት የለባቸውም፣ የደቂቃው መስመርና የቋሚዎቹ ነው። 10 ጨዋታ ላይ አንድ ትልቅ ድል በተቀያሪዎች 8 ደቂቃ ሊበላሽ ይችላል።

አዲስ ነገር፦ ከ2025–26 ጀምሮ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ሩቦች የመጨረሻ 3 ሰከንድ ውስጥ ከ36 ጫማ፣ ወደ 11 ሜትር፣ እና ከዚያ በላይ ርቀት ተወርውሮ የሳተ ሹት፣ ማጥቃቱ ከራስ ሜዳ የተጀመረ ከሆነ፣ ለተጫዋቹ ሙከራ ተብሎ አይቆጠርም፤ ለቡድኑ ይቆጠራል። የተጫዋቾችን ሙከራ ደምራችሁ የቡድኑን ካላገኛችሁ አትደንግጡ።

---

ጦሳ_ማዶ | ደሴ | ሐሙስ ከምሽቱ 1፡05

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የጋራ ኤክሴሉን እንዲህ ከፍቼዋለሁ፦ ለየጨዋታው አንድ ረድፍ፤ ዓምዶቹ ሜዳ ወይም ውጪ፣ ተጋጣሚ፣ ፖሴሽን፣ አራቱ መለኪያ በሁለቱም በኩል፣ የባለ ሦስት ሙከራ፣ ከ7ቱ የገቡት። ሹቱን በ36 ፐርሰንት የሚያስተካክል አንድ ዓምድ አለ፣ በ2.7 ነው የሚባዛው። የመጨረሻው ዓምድ የ8ቱ ቀመር ነው። ሴልቲክስን በርበሬ_ወንዝ ይሙላ፣ ኒክስን እኔ። የቡድኑ ደጋፊ አይሞላም፣ የራሱን ቡድን የሚወድ ሰው ተርንኦቨር ሲቆጥር እጁ ይከብደዋል።

---

በርበሬ_ወንዝ | ኮምቦልቻ | ሐሙስ ከምሽቱ 1፡12

ታዲያ ሴልቲክስን ለእኔ ሰጠኸኝ? እኔ እኮ የሴልቲክስ ነኝ።

---

ጦሳ_ማዶ | ደሴ | ሐሙስ ከምሽቱ 1፡14

እንግዲያው እንቀያየር፣ ኒክስን ውሰድ። ሰዓቱን አትርሳ፤ ከኖቬምበር የመጀመሪያ እሁድ ጀምሮ እነሱ ሰዓታቸውን ወደ ኋላ ይመልሳሉ፣ የ8፡30ው ጨዋታ ከሌሊቱ 9፡30 ይሆናል።